በእናቷ ልክ የተገዛ መኪና

ልብስ ሰፊዋ ያገለገሉ መኪኖች ወደሚሸጡበት ግቢ የገባችው ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር። ከሱቋ በቀጥታ ስለመጣች ማውለቁን ረስታ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ አልረሳችውም። የመጀመሪያውን መኪና የኋላ በር ከፈተች፣ የሜትሩን ጫፍ በጫማዋ መሬት ላይ ረገጠችና እስከ መቀመጫው ጠርዝ ሳበችው። ራሷን ነቀነቀች። በሩን ዘግታ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ሻጩ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሲከተላት ቆየና በመጨረሻ አላስቻለውም።

«እህቴ፣ ሱሪ ሊሰፉለት ነው እንዴ?»

«ልኩ ከመጣ አዎ» አለች ቀና ሳትል።

«ሰው ሞተሩን ያያል፣ ስንት እንደሄደ ይጠይቃል…»

«እሱን ወንድሜ ያየዋል። እኔ የምገዛው መቀመጫውን ነው።»

ሻጩ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሜትሩ ላይ የታሰረች ቀይ ክር አለች። ክሯ የእናቷ ወንበር ከፍታ ናት።

እናቷ ዳሌዋ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ እግሯን ከመሬት ማንሳት አትችልም፤ በምርኩዝ እየጎተተች ነው የምትሄደው። የምትቀመጠውም ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወንበሩን ሳታየው ነው። ወንበሩ ዝቅ ካለ ትወድቅበታለች፤ ከፍ ካለ አትደርስበትም። ታክሲው እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ የተነጠፈ ነው፣ ሚኒባሱ ደግሞ ደረጃ አለው። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ስትሄድ ሁለት ጎረምሶች እንደ ቁም ሳጥን አንስተው ነበር ያስገቧት፤ ሰፈሩ በሙሉ ቆሞ እያየ። የዚያን ዕለት «ሁለተኛ በሰው እጅ አልነሳም። ከዚህ ቤት በእግሬ ካልወጣሁ፣ አልወጣም» አለች። ቃሏን ጠበቀች። ዓመታት አለፉ።

በእነዚያ ዓመታት ከቤታቸው ቁልቁል፣ ወንዙ ላይ፣ ትልቅ ድልድይ ተሠራ። እናት ድልድዩን የምታውቀው በአልጋዋ ነው። ምሰሶው ሲተከል አልጋዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብረት ሲቆረጥ፣ ድንጋይ ሲራገፍ ተኝታ ትሰማለች። ካለቀ በኋላም ከባድ መኪና ባለፈበት ቁጥር የመስኮቷ መስታወት ይንገጫገጫል። «ምን ያህላል?» ብላ ስትጠይቅ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ያሳያታል። «እጃችሁንማ አውቀዋለሁ» ትላለች እሷም።

ግቢው ጥግ፣ ከአውቶሞቢል ከፍ፣ ከትልልቆቹ ጂፖች ዝቅ ያለ የቤተሰብ መኪና ቆሟል። ቀለሙ ዝናብ የመታው አሸዋ ይመስላል፤ አንደኛው በር ከሌሎቹ ትንሽ ጠቆር ይላል። ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፍታ ሜትሯን ሳበች። የመቀመጫው ጠርዝ ቀዩ ክር ላይ አረፈ። ደግማ ለካች፤ እዚያው። በማታውቀው አገር፣ እናቷን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ይህን ልክ ከየት አመጣው?

«ይሄ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ።

ታናሽ ወንድሟ መካኒክ ነው። አጭርና ጥብቅ ያለ ስለሆነ ሰፈሩ ቡሎን ይለዋል። መጥቶ ከመኪናው ሥር ገባ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ሰጠ፣ በመጨረሻ እጁን እየጠረገ፣ «ጤነኛ ነው። ትንሽ ደክሞታል እንጂ ክፉ አልያዘውም። እታለም፣ ለእማዬ የእኔም እጅ ይኑርበት፤ ጋራዥ ልውሰደውና አስተካክዬ ላምጣልሽ» አላት። ዋጋውን ከፍላ፣ ደስ ብሏት ቁልፉን ሰጠችው።

እሑድ ጠዋት ቡሎን መኪናውን አጥቦ፣ ጎማውን ወልውሎ፣ ደረቱን ነፍቶ በር ላይ አቆመው። ልብስ ሰፊዋ መሪው ላይ ተቀምጣ ቁልፉን ስታዞር የመቆጣጠሪያዎቹ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ፤ ከመንጃ ፈቃድ ትምህርቱ በቀር ዕድሜዋን በሙሉ በእግሯ ያዘዘችው የስፌት መኪና ብቻ ነበር፣ አሁን ይሄ ሁሉ ብረት ተረከዟን ይጠብቃል።

እናት ጫማ አድርጋ ወጣች። ጎረቤት ያለችው ዳቦ ጋጋሪ እጇን ከነዱቄቷ ወገቧ ላይ አድርጋ በሯ ላይ ቆማ ታያለች። እናት ለመኪናው ጀርባዋን ሰጠች፣ የበሩን እጀታ ጨበጠች፣ ወደኋላ ዘንበል አለች፤ ተንሸራታ ተመለሰች። ደግማ ሞከረች። ተመለሰች።

ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ሜትሯን ሳበች። ጠርዙ ከቀዩ ክር በላይ በሦስት ጣት ከፍ ብሏል።

«ምን አድርገህበት ነው?»

«ምን አደረግሁበት! ሞላውን በሙሉ ቀየርኩ፣ አዲስ ጎማ አገባሁለት። ተኝቶ የነበረውን መኪና እንደ አዲስ አነሳሁት እኮ!»

«አነሳኸው» አለች እህቱ።

ቡሎን ነገሩ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። «ጡብ ላምጣ፣ እማዬ፣ እግርሽ ሥር…»

«የሚነሳ እግር ቢኖረኝ መኪና ምን ያደርግልኛል?»

«እንግዲያው አንዴ ብቻ፣ ቀስ አድርገን ብናነሳሽ…»

እናት ምርኩዟን አስተካክላ ወደ ቤቷ በር ዞረች። ልብስ ሰፊዋ አሁን ከገባች ዳግም እንደማትወጣ አወቀች።

«ኧረ እማማ፣ ይጠብቁ እስቲ» ብላ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፤ ቀላል መሆኑን ልታሳያት በዚያኛው በር ገብታ መቀመጫው ላይ ዘፍ አለች። «እኔ እንኳን እገባ የለ!»

መኪናው አቃሰተ። የልብስ ሰፊዋ ዓይን ጫፉ የተዛነፈ ቀሚስ አያመልጠውም፤ የበሩ ጠርዝ ዝቅ ሲል አየችው።

«አትነሺ!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንኩ? ሰበርኩት እንዴ?»

«ባለሽበት ተቀመጪ! ቡሎን፣ ከኋላ ግባ!»

ቡሎን ከዕቃ መጫኛው ገብቶ ጉልበቱን አቅፎ ተኮራመተ። መኪናው ሌላ ትንሽ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ለካች፤ ገና ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ከተቀመጠችበት ወደ ቤቷ ተጣራች፤ ባሏ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ቡሎን በጆንያዎቹ መሀል ጭንቅላቱ ብቻ ቀረ።

«እታለም፣ እኔ እዚህ እየተጋገርኩ ነው።»

«ዝም በል። አንድ ጣት ቀርቷል።»

የቀረው ክብደት የልብስ ሰፊዋ የራሷ ነበር። ከገባች ደግሞ መለካት አትችልም። ሜትሩን አንገቷ ላይ መለሰች፣ መሪው ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ተከለች። በመስታወቱ ውስጥ የእናቷ ጀርባ ቀረበ፣ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ከሥራቸው ያ ሁሉ ብረት እንደ ታዘዘ ከብት ዝቅ አለ። መቀመጫው ተቀበላት። እናት እግሮቿን በእጇ አንድ በአንድ አስገብታ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂው እንጂ!»

ቁልቁል ወደ ድልድዩ ነዱ። ዛፍ የነበረበት ፎቅ ሆኗል፤ ሜዳ የነበረበት ገበያ ሆኗል። እናት ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሁሉን በዓይኗ ዋጠችው። ድልድዩ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ ባለበት ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ልትወርድ በሩን ስትከፍት እናቷ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ተቀመጪ! መቀመጫው ይነሳብኛል።»

እናት ብቻዋን ወረደች። አራት አምስት ጊዜ ምርኩዟን ተክላ የብረቱ አጥር ጋ ደረሰች። ከሥሯ ምሰሶዎቹ ከጥልቁ ተነስተው ወጥተዋል፤ ወንዙ በመሀላቸው እንደ ተዘረጋ ሐር ያልፋል። እናት አንገቷን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ማዶ አደረገች። ማዶው ሩቅ ነበር፤ የማንም እጅ የማያህለው።

ከባድ የጭነት መኪና መጣ። ድልድዩ ነዘረ። እናት መዳፏን አጥሩ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ ነው» አለች። «አወቅሁት።»

መኪናው ውስጥ ሁሉም ካሉበት ሳይነቃነቁ ያያሉ። ቡሎን ከጆንያው መሀል ሹክ አለ፤ «ነገ የድሮውን ሞላ እመልሰዋለሁ።»

«ብትሞክር ወዮልህ!» አለችው ዳቦ ጋጋሪዋ እንባዋን በዱቄታም እጇ እየጠረገች። «እኔ ታዲያ በምን ልመጣ ነው? … እማማ! ሊጤ ኩፍ ብሎ ሊገነፍል ነው!»

«ይጠብቅ» አለች እናት ሳትዞር። ሌላ የጭነት መኪና ከማዶ እየመጣ ነበር።