ግድግዳው ላይ የቀረው መጽሐፍ

ልጅ ሳለሁ፣ አርባ ምንጭ ሴቻ በነበረችው ቤታችን፣ አባቴን ከሴት ልጆቹ ይልቅ የሚያሳስበው ግድግዳው ነበር። ሸማኔ ነው። ከዶርዜ ወርዶ የሠራት ቤት የጭቃ ነበረች፤ ምርጊቷ በየዓመቱ እየተሰነጠቀ ጭዱ ይታይ ነበር። ቀለም የሚገዛበት አቅም የለውም። ታላቅ እህቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከጨንቻ ሊመጡ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ግን በባዶ ግድግዳ እንግዳ አልቀበልም አለ። የሲሚንቶ ከረጢት ለመነ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ ያረጀ ጋዜጣ ሰበሰበ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችን እህቱ፣ አክስቴ፣ ከዱቄት ሙጫ አፈላችለት።

ወደ ማታ ላይ ከጓደኛዬ ቤት ስመለስ ሥራው አልቆ ነበር። ግድግዳው በኩራዝ ብርሃን እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል፤ ቤቱ ጭስና የተቀቀለ ዱቄት ይሸታል። ጋዜጣው አልበቃም ኖሮ፣ ከእንግዶቹ መቀመጫ ፊት ለፊት ያለው ቦታ በስድስተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፌ ተሸፍኗል። ገጾቹ በጥንቃቄ ተገንጥለዋል፤ ግማሾቹ ተዘቅዝቀው ተለጥፈዋል።

መጽሐፉ የእኔ አልነበረም። ያኔ መጽሐፍ የሚያውሰን ትምህርት ቤቱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያልመለሰ ካርድ አይሰጠውም፤ ካርድ የሌለው ደግሞ ሰባተኛ ክፍል አይመዘገብም። ይህን ለአባቴ ስነግረው ከልቡ ግራ ገባው።

«ጨርሰሽው የለ እንዴ?» አለኝ።

ለእሱ ያለቀ መጽሐፍ እህሉ እንደወጣለት ጆንያ ነበር። ለእንግዶቹ መጠጥ ሊያስመጣ ወጣ።

አክስቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ የውሃ ጣሳዋን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ፍሙን ትቆሰቁሳለች። እግሯ ላይ ወደቅኩ። ሙጫው ገና አልደረቀም፣ አርጥበን ቀስ ብለን እናላቅቀው፣ እኔ መልሼ እሰፋዋለሁ፣ በሸማኔ ቤት ክር አይጠፋም አልኳት። ግድግዳውን አየች፤ በሩን አየች።

«ነይ ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ ተረት ልንገርሽ» አለችኝ።

አንድ ድሃ ሰው ነበር አለች። እንግዳ ሊመጣበት ሆነ፤ ግድግዳው ባዶ፣ ሀብቱ አንዲት ዶሮ። ላባዋን እየነጨ ግድግዳው ላይ ሰካው። እንግዶቹ መጥተው ቤቱ እንዴት ያምራል ሲሉ፣ ዶሮዋ ደጅ ሆና በደጋው ብርድ እየተንቀጠቀጠች፣ «ብርድ የማያውቀውን ግድግዳ አለበስክ፤ እኔን ባለ ነፍሷን አራቆትክ» እያለች ትሳደባለች። አክስቴ ተረት ስታወራ አትቸኩልም። የእንግዶቹን አካሄድ፣ የዶሮዋን ድምፅ፣ ሁሉን እያስመሰለች ታወርዳለች። ያኔ እኔ የማየው የወረቀቶቹን ጠርዝ ነበር። እሳቱ በተቆሰቆሰ ቁጥር እርጥበቱ እየሸሸ፣ የጠቆረው እየነጣ፣ ወረቀቱ ከጭቃው ጋር ሥጋና ቆዳ ሆነ።

አባቴ ሲመለስ ተረቱ ወደ ማለቁ ነበር። ቆሞ ሰማና ሳቀ።

«ምን ያለው ሞኝ ነው፤ ከነጫት አይቀር ለእንግዶቹ አያርዳትም ነበር?» ብሎ ወንበር ማስተካከል ጀመረ።

ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ መጡ። አንዱ ማንበብ የማይችለውን ገጽ በጣቱ እየዳሰሰ፣ የተማረ ቤት ነው አለ። እህቴ ተዳረች። እኔ ያለ ካርድ ቀረሁና አዲስ አበባ ሰው ቤት ተላክሁ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ፣ ብዙ ነው ያነበብኩት፣ የሌላ ሰው መደርደሪያ እየወለወልኩ አነበብኩት።

አምና አክስቴ አርፋ ለለቅሶ ሄድኩ። ሴቻ ዛሬ ክፍል የተከራዩ ምሩቃን ግድግዳቸው ላይ በርካሽ የተገዛ የወረቀት አበባ ይለጥፋሉ፤ መጽሐፍ የሚቀድ የለም። ለቀስተኛው የአክስቴን ተረቶች እያነሳ ያለቅሳል። አንዲት ጎረቤታችን የዶሮዋን ተረት ተርካ፣ ይህን ወንድሟ ፊት የተናገረች ደፋር ሴት ነበረች አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ተረት ፈሪ እውነቱን የሚናገርበት መንገድ ነው ይባላል። ይሆናል። እውነቱን ተናግሮ ምንም ላለማድረግም ይመቻል፤ ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። ምን ታድርግ፣ ወንድሟን ትፈራ ነበር ይሉኛል። ትፈራው ነበር። ግን ተረቱን ስትጀምርልኝ አባቴ ቤት አልነበረም፤ ውሃ የሞላ ጣሳ ደግሞ እጇ ሥር ነበር።