ከቤትሽ ምን ጎደለ?

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ የወገዳ መንገድ በግጭቱ የተዘጋ ጊዜ ነው። ታላቅ ወንድሜ የአካባቢያችን ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበሩ። የወረዳው ሹም ገበያው መሀል ስለ ሰላም ሲያብራሩ ቆዩና፣ ወንድሜ መቅጃቸውን ወደ አንዲት ገበያተኛ አዙረው «ከቤትሽ ምን ጎደለ?» አሏት።

«ጨው፣ ጋሼ። ባሌም ከሄደበት አልተመለሰም።»

«ምነው ጨውን ከባልሽ አስቀደምሽው!»

«ወጡ አልጫ ሆኖ ቢያገኘው ተመልሶ ይሄዳላ!»

ገበያው ሳቀ። እሷም ስቃ ስቃ አለቀሰች። ወንድሜ ያገኙትን ሰው ሁሉ የሚጠይቁት እንዲህ ነበር።

አሁን እሳቸው የሉም። ልቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፤ የእሳቸው ድምፅ ደግሞ ያለው ሬዲዮው ውስጥ ነው። የድሮ ዝግጅታቸው ዛሬ ይደገማል ሲሉኝ፣ ልክፈተው ልተወው ግራ ገባኝ። ሬዲዮውን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

የልጄ ሚስት አየችኝና፣ «አባባ፣ በራሳቸው ልቅሶ ላይ ቢናገሩ ማን ይከለክላቸዋል?» ብላ ከፈተችው።

«እናንተስ፣ ከቤታችሁ ምን ጎደለ?» አሉ ወንድሜ።

ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ «አንቱ ጎደሉብን!» አልሁ። እሳቸው ግን የሌላ ሰው መልስ መስማት ጀመሩ። ቆሜ ቀረሁ፤ ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። እጄን ይዛ ያስቀመጠችኝ፣ መልሴንም የሰማችልኝ እናንዬ ናት፤ የልጄ ሚስት።