በሲኒማ ቤቱ ኦርጋን የተጫወትኩት ዘፈን

ዛሬ ዘፈን ስጫወት ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ቦታው ኦስሎ መሃል ያለ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ያጅብ የነበረው ትልቅ ኦርጋን አሁንም አለ፤ ከበሮና ደወል ሳይቀር አለው። ለጡረተኞች ዝግጅት ተጫወቺ አሉኝ፣ የድሮ የአዲስ አበባ ዘፈን ተጫወትኩ።

ማንም አላስተማረኝም። መዝሙር የማጅበው ከካሴት በለቃቀምኩት፣ ኦርጋን የሚጫወቱ ሰዎችን እጅና እግር አይቼ በያዝኩት ነው። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ ዘፈን አንዘፍንም። ግጥም እስከሌለው ድረስ ግድ የለም ብዬ ነበር።

ጡረተኞቹ አጨበጨቡ። ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት አሮጊቶች ይዛ የመጣችው እኅት ብርሃኔ ግን አላጨበጨበችም። በር ላይ ጠበቀችኝ።

"እኅት አስቴር፣ ዘፈን ነው አይደል?"

"ዜማው ብቻ ነው።"

"የምን ዜማው ብቻ። ግጥሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቤ ስል ነበር እኮ።"

"ሁሉንም ታውቂዋለሽ?"

"ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ እነግራለሁ። እሑድ ሌላ ሰው ይጫወት" ብላኝ ወደ አሮጊቶቿ ሄደች።

ሰፈሬ ፉሩሴት እስክደርስ ሜትሮው ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። መዝሙር ማጀቡን ከከለከሉኝ ምን ይቀረኛል? የባሰው ደግሞ ያንን ዘፈን አንዴ ብደግመው ደስ ይለኛል።

እናንተስ፣ የምትወዱትን ስታደርጉ እንዲህ ተይዛችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ መለሳችሁ? እሑድ ሳይደርስ ንገሩኝ።