የአየር ቧንቧው ፉጨት

እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ሬይኖልድስበርግ በምንኖርበት አፓርትመንት ምድር ቤት፣ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸው አንድ ጋሼ ነበሩ። አብረን ነው የምንሠራው፤ መኪና ስለማይነዱ ጠዋት ጠዋት ይዣቸው እሄዳለሁ። አገር ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያንነት ነው። እዚህ ግን እንግሊዝኛው ስላልሆነላቸው መጥረጊያ ተሰጣቸው። ቅር ሲላቸው አላየሁም። «መጥረግም ሥራ ነው» ይላሉ፤ ደግሞም አሳምረው ይጠርጋሉ።

አንድ ቅዳሜ ለኦቨርታይም የገባነው ጥቂት ነበርን። ለምሳ ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ። ምግቤን ላሞቅ ስነሳ ጋሼ መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ቀና ብለው ጣራው ሥር የተዘረጉትን ቧንቧዎች ያያሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«እስቲ ዝም በይና ስሚ።»

ሰማሁ። ጎማ ሲተነፍስ እንደሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ፉጨት፣ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከየአቅጣጫው።

ካርቶን የሚያሽጉት ማሽኖቻችን የሚሠሩት በአየር ግፊት ነው። አየሩን አምቆ የሚልክላቸው ጥግ ላይ ያለው ትልቁ ኮምፕረሰር ነው። ጋሼ በመጥረጊያቸው እንጨት ወደዚያ አመለከቱ።

«ሁሉም ቆሟል፤ እሱ ግን ይሠራል። ለማን ነው የሚሠራው? ለቀዳዳ። ይሄ ሁሉ መብራት የሚነደው በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ ለመቅዳት ነው።»

ሁለት ዓመት ስሠራ ያንን ድምፅ የቤቱ ጠባይ አድርጌ ለምጄው ነበር።

ሰኞ ለሱፐርቫይዘራችን ነገርኳት። ሥራ የሚበዛባት፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ አሜሪካዊት ናት። «ሜንተናንስ ያየዋል» ብላኝ፣ ለጥገና ክፍሉ ትታው አለፈች። ሳምንቱ አለቀ፤ ማንም አላየውም። እኔ ተናደድኩ።

«አትፍረጅባት» አሉኝ ጋሼ። «አየር እኮ አይታይም። በዓይኗ እናሳያት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጠው፣ መርጫ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው መጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሯን ዐሥር ደቂቃ እንድትሰጠን ለመንኳት። ሰዓቷን እያየች ተከተለችን። ጋሼ አንዱን መጋጠሚያ ረጩት። ሳሙናው ወዲያው አረፋ ሠራ፤ አረፋው አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ፦

«ሌላስ የት አለ?»

ጋሼ ከፊት እየረጩ፣ እኔ ከኋላ አረፋ በሠራው ሁሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለምልክት እየለጠፍኩ ዞርን። የያዝኩት ጥቅል አልቆ ሌላ ተሰጠኝ። ዐሥር ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ፤ እሷም ሰዓቷን ማየት ተወች።

የሜንተናንሱ ሰውዬ ሲመጣ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያን ሁሉ ቢጫ አይቶ ራሱን ነቀነቀና መፍቻውን ለጋሼ ዘረጋላቸው። ሁለቱ በቋንቋ አይግባቡም፤ በመፍቻ ግን ተግባቡ። እኔ ላስተረጉም ብቆምም የሚጠይቀኝ ጠፋ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የደረቀውን ቱቦ ቀየሩ፣ የላላውን አጠበቁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ምሳ እየበላን ሳለ ኮምፕረሰሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። ቤቱ ጭር አለ። ለካ ውጭ ዝናብ ይዘንብ ኖሯል፤ ቆርቆሮውን ሲመታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ሱፐርቫይዘሯ ከቢሮዋ ደንግጣ ወጣች።

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

አስተረጎምኩላቸው። ጋሼ አፋቸው ውስጥ ያለውን ውጠው፣ አይ፣ እያረፈ ነው ለማለት በራሳቸው እንግሊዝኛ «ኖ፣ ሬስት» አሏት። ሳቀች፤ ወንበር ስባም አጠገባችን ተቀመጠች።

በሚቀጥለው ፀደይ ጋሼ ወደ ሜንተናንስ ክፍል ተዛወሩ። የተሰጣቸው የደንብ ልብስ ሱሪ ለቁመታቸው ረዝሞ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልኬታቸውን ወስጄ፣ በልጃቸው ሳሎን ቁጭ ብዬ በእጄ አሳጠርኩላቸው። እሳቸው ሥራዬን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «ክሩን አታባክኚ» አሉኝ።