ቃታው

ኮሮና ከቤት እንዳንወጣ ባገደን ሰሞን፣ ዓረብ አገር፣ ቁርጡባ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ የማዳም ባል ርካሽ የአደን ጠመንጃውን ፈታቶ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ያሸው ጀመር። የእንጨቱ ብናኝና የዘይቱ ሽታ ወሎ አደረሰኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አጎቴ ተገድሎ፣ ሽማግሌዎች ደሙን ባደረቁ ማግስት፣ አባቴ ጠመንጃውን ጆንያ ላይ ፈታው። ሰደፉን በኑግ ዘይት ወለወለ፤ ቃታውን ግን መዳፌ ላይ አኖረው።

«ደብቂው። ብለምንሽም የት እንዳለ እንዳትነግሪኝ።»

ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ገዳዩን ገበያ ያየው ቀን ግን መጥቶ ፊቴ ተንበርክኮ ለመነኝ። አልነገርኩትም።

«እንዳይጠፋ ያዢልኝ» አለኝ የማዳም ባል፣ ቃታውን እየሰጠኝ። ቆይቶ «መልሺልኝ» ሲለኝ እጄ አልዘረጋ አለኝ።