ጣራውና ላይኛዋ ኖታ

በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢኖር መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ «ጣራው» ይለዋል። ትራምፔቱን ሲነፋ ድምፁ ከሁሉም በላይ ስለሚወጣ የወጣለት ስም ነው። ወጣት ሳለ ከዳቦ ቤት ሥራው ወጥቶ ባንድ ሲገባ አባቱ «ነፍተህ ልትበላ ነው?» ብለው ስቀውበት ነበር። ነፍቶ በላ። ነፍቶ ሚስት አገባ፣ ነፍቶ ሁለት ሴት ልጆች አስተማረ።

ዘንድሮ ግን ባንዱ ዝግጅት በሚዘጋበት የሰልፍ ዜማ፣ በማርሹ ጫፍ ላይ ያለችው ከፍተኛ ኖታ እምቢ አለችው። አንድ ቀን ተሰነጠቀችበትና «ጉንፋን ነው» አለ። ሌላ ቀን ጨርሶ ቀረች። ያኔ ከጎኑ የሚቀመጠው ሁለተኛው ትራምፔተኛ፣ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሉት፣ «ኧረ ጎበዝ፣ ጣራው ማፍሰስ ጀመረ!» ብሎ የልምምዱን ክፍል በሳቅ ሞላው። ጣራውም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም።

የባንዱ መሪ ለብቻው ጠሩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ። የኖታ ማስቀመጫውን ብሎን እያጠበቁ፣ «ለአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ምረቃ ያቺ ኖታ መውጣት አለባት» አሉት። «ካልወጣች ከሬዲዮ ጋር ወንበር ትቀያየራላችሁ። ቅር እንዳይልህ።»

«ትወጣለች፣ አለቃ።»

«እንዴት?»

እንዴት እንደሆነ እሱም አያውቅም። የሚያውቀው ያቺን የአንደኛ ትራምፔት ወንበር ብቻ ነው። እሷ ከተወሰደች ማን ሆኖ ቤቱ እንደሚገባ አልታየውም።

ትራምፔቱን በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጠበ። የቫልቮቹን ዘይት ለወጠ። ከጓደኛው ቀለል ያለ ትራምፔት ተውሶ ሞከረ። ኖታዋ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሸጡበት ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ጉዳዩን ሰምቶ ሳይጨርስ ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት ማውዝፒስ አወጣለት፤ ከንፈር የሚያርፍባትን ያቺን የብረት አፍ። የጣራው የድሮ ማውዝፒስ እንደ ኩባያ ጎድጎድ ያለች ናት። ይቺ ግን እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ፣ ጠበብ ያለች።

«ይቺ ላይ ላይ ለሚኖር ሰው የተሠራች ናት» አለ ባለሱቁ።

ቤቱ ገብቶ ነፋት። ኖታዋ እንደተተኮሰች ወጣች! ደጋገማት። ከመጋረጃው ወዲያ ልብስ ትሰፋ የነበረችው ሚስቱ ማሽኑን አቆመች።

«እልል ልበል ወይስ ጎረቤት ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ?»

«ወጣች እኮ! አልሰማሽም?»

«ሰማሁ። ግን ማነው የነፋት? ያንተ ድምፅ ሞላ ያለ ነበር። ይኼ እንደ መጋዝ ጆሮ ይበላል።»

«ትለምጅዋለሽ።»

«እኔማ እለምዳለሁ። ያንተን እንጃ።»

እሱ ማውዝፒሷን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት። በልምምድ ቀን ኖታዋ ወጣች። ድምፁ ከሌሎቹ ወደ ላይ ሸሽቶ ነበርና የማስተካከያውን ቱቦ ሳብ አድርጎ ሊያወርደው ሞከረ። ከፊቱ የነበረችው ክላርኔት ተጫዋች ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ ፊት ገፋች። መሪው ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው «ወጥታለች» ብለው ወደ ሌላ ዜማ አለፉ። ሬዲዮ ብቻ «ሰማዩን በመርፌ ወጋኸው!» አለው። ጣራው የሰማው «ወጥታለች» የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ማውዝፒሷን ይሞክር የነበረው ከንፈሩ አርፎ ሳለ ነበር፤ ደግሞ ለምረቃው እቆጥባለሁ ብሎ ቶሎ ያስቀምጣታል። በደከመ ከንፈር አንድም ቀን አልሞከራትም።

የምረቃው ዕለት የክብር እንግዳው ዘገዩ። የዝግጅቱ አስተባባሪ በየመሃሉ እየሮጠ ይመጣና «ዝም እንዳይል! ሰዉ እንዳይበተን!» ይላል። ባንዱ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያወቀውን ሁሉ ተጫወተ፤ ሲያልቅበት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የጣራው ከንፈር ማበጥ ጀመረ። በጎድጓዳዋ ማውዝፒስ ቢሆን ላበጠ ከንፈርም ቦታ አይጠፋም ነበር። በዚህች ጠፍጣፋ ግን ከንፈሩ እየሰመጠ ሄዶ ወለሏን ነካ፤ ወለሏን የነካ ከንፈር ደግሞ አይንቀጠቀጥም። ከመዝጊያው በፊት ባለው ዜማ መሃል ድምፁ ድርግም አለ። «ፍስስ» የሚል አየር ብቻ ወጣ።

ሬዲዮ በዓይኑ ጠርዝ አየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አላመጣም።

ዜማው እንዳለቀ እንግዳው ደረሱ፤ ንግግር ተጀመረ። ከንግግሩ በኋላ ሪባን ይቆረጣል፣ ሪባኑ ሲቆረጥ ማርሹ ይጀመራል። ጣራው እጁን ኪሱ ከተተ። የድሮዋ ማውዝፒስ እዚያ አለች፤ ትቷት መውጣት አልሆነለትም ነበር። በአንዷ ድምፅ የለም። በሌላዋ ድምፁ ይመለሳል፣ ኖታዋ ግን የለችም።  ተናጋሪው «በመጨረሻም» ሲሉ ሰማ።

«ስማ» አለው ሬዲዮን በሹክሹክታ። «አንደኛውን አንተ ንፋ።»

«አብደሃል? አሁን?»

«ማርሹን ታውቀዋለህ። ስንት ዓመት አጠገቤ ሰማኸው።»

«ያቺ ኖታ እኮ ለኔ አንዳንዴ ትወጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች።»

«ለኔ ዛሬ ጨርሳ አትወጣም።»

 ጣራው መልስ ሳይጠብቅ የድሮዋን ማውዝፒስ ገጠመና የኖታ ወረቀቶቹን ቀያየረ። መሪው ዱላቸውን አንስተው ወደ ትራምፔቶቹ ሲዞሩ ወረቀቶቹ ሲቀያየሩ አዩ፤ ዱላው ባለበት ቀረ። ጣራው በአገጩ ወደ ሬዲዮ ጠቆመ። መቀስ ተሰማ። ጭብጨባ። ዱላው ወረደ።

በድሮዋ ማውዝፒስ ድምፁ ሞላ ብሎ መጣ፤ ከንፈሩ እየተቃጠለም ቢሆን መጣ። ሁለተኛውን ትራምፔት ሲነፋ ከስንት ዘመን በኋላ ነበር። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ሬዲዮ ትከሻው ሲነሳ፣ አንገቱ ሲገተር በጎኑ ታየው። ፈርቷል። ጣራውም ፈራ፤ ለራሱ ፈርቶ ከሚያውቀው በላይ ፈራ። ያለ የሌለ ትንፋሹን ሰብስቦ ከታች ያዘለት። ኖታዋ ተንገዳገደች፣ ልትወድቅ ስትል ጣራው የሚነፋው ድምፅ ላይ አረፈች። ቆመች።

ዕቃ ሲጠቀለል መሪው መጡና በሁለቱ መሃል ቆመው አንገታቸውን አከኩ።

«ያ የወንበሩ ነገር» አሉ።

«ተቀያይረናል እኮ፣ አለቃ» አለ ጣራው።

መሪው ትከሻውን ያዝ አድርገው ለቀቁትና ሄዱ። ሬዲዮ ትራምፔቱን ታቅፎ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ አልተነሳም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቆይ» አለ። «ከእንግዲህ ስለዚያች ኖታ እያሰብኩ እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ለዘለዓለም?»

«አንተም እስክታፈስ ድረስ።»

ጣራው ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ አመመውና ተወው።