ካባውን የጠለፉት ሰው

በደርግ ዘመን ሙዚየም ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ የሙዚየሙ ሥራ ተለውጦ ነበር። ቀድሞ ለዲፕሎማትና ለውጭ እንግዳ ይከፈት የነበረው በር ለገበሬ ማኅበራት፣ ለፋብሪካ ሠራተኞችና ለተማሪዎች ተከፈተ። ይህን ወድጄዋለሁ። ከኮተቤ የመጡ ዕጩ መምህራን አዳራሹን ሞልተው ሲጠይቁኝ፣ ድምፄ እስኪዘጋ እመልስ ነበር።

ያልወደድኩት የተመደበብንን ካድሬ ነው። አንድ ቀን ከአንድ መስፍን ቤት የተወረሰ ባለ ወርቅ ጥልፍ ካባ ፊት ቆሞ፣ «ይህ የአድኃሪ ጌጥ ነው፤ ይውረድና ይቃጠል» አለ።

«ሙዚየም ይጠብቃል እንጂ አያቃጥልም» አልኩት።

«ለማን ብለሽ ነው የምትጠብቂው፣ ጓዲት?»

መልሱ ያለው እኛ ሰፈር ነበር። የካ፣ ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፉ መሐል፣ አንድ ሙስሊም አዛውንት ልብስ ሰፊ ይኖራሉ። ያን ካባ በወጣትነታቸው እንደጠለፉት አጫውተውኛል። ከሥራ ስወጣ ዳገቱን ወጥቼ የሆነውን ነገርኳቸው።

«አባባ፣ ነገ አብረውኝ ይመጣሉ? መዘዝ ሊኖረው ይችላል።»

«ልጄ፣ እኔ የፈራሁት ያኔ ነው። ጥልፉ ቢበላሽ ጅራፍ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን ምን ቀርቶኝ እፈራለሁ?»

በማግስቱ ክንዳቸውን ይዤ ካድሬው ፊት አቆምኳቸው፤ ካባው ያለበትን የመስታወት ሣጥንም አስከፈትኩ። አዛውንቱ የካባውን ጠርዝ ዳስሰው ገለበጡና ገበሩ ላይ የተሰፋች ትንሽ ቀይ ክር አሳዩን።

«ይቺ የእኔ ምልክት ናት። ስም መጻፍ ማን ይፈቅድልናል? ወራት ሙሉ ዓይኔን አፍስሼበታለሁ፤ ጌታው ሁለት ቀን ቢለብሰው ነው። ታዲያ የማን ነው? የሚያቃጥለው ካለ የእኔን እጅ ያቃጥል!»

ካድሬው ወጥቶ ሄደ።

ካባው አልወረደም። የወረድኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ከአስጎብኚነት ተነስቼ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብኩ። ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርጊ ስባል ተነሳሁና፣ «ጥፋቴን አላውቀውም» ብዬ ተቀመጥኩ። ቃሌን አላጠፍኩም።

የሙዚየሙን አዳራሽ ለቅቄ ግምጃ ቤት ከመግባቴ በፊት የካባውን መግለጫ ካርድ ራሴ በታይፕ መትቼ ለጠፍኩት። ከመስፍኑ ማዕረግ በላይ የልብስ ሰፊውን ስም አስቀደምኩ። ሁለት ዓመት ግምጃ ቤት አቧራ ስጠርግ ካርዱን ያነሳው የለም። ቢያነሱትም ደግሜ እጽፈው ነበር።